ሰላምታው የከለለው መልእክት

ሰኞ

እሰይ፣ ሠራ! አባባ ከጓዳ ጻፉ፣ እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ መልእክታቸው ኮምፒውተሬ ጥግ ላይ ብቅ ሲል አየሁት። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ድምፅ የላቸውም፤ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተተከለች ቱቦ ነው። ሲፈልጉኝ ግድግዳውን በመቋሚያ ይመቱ ነበር፤ ፎቶ ኮፒው ሲንጫጫ ምኑ ይሰማል! አሮጌውን ኮምፒውተር ጓዳ አስገብቼ ከሱቁ ጋር በገመድ አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ መልእክትን በትንሽ ሳጥን ብቅ የሚያደርገውን ትእዛዝ ጻፍኩ፦ ኖቲፋይ-ሴንድ፣ ርእስ፣ መልእክት። ርእሱን «አባባ» አልኩት። እሳቸው ጽፈው ኢንተር የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ወይ አባባ! «ይድረስ ለውድ ልጄ። እንደምን ዋልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ውሃ አምጪልኝ።» በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው እኮ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ከይፋግ የመጣ አስተማሪ አይቶ፣ «አባትሽ ውጭ አገር ናቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። መሪጌታ ናቸው፣ ምን ላድርግ።

መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ፎቶ ኮፒውም ዝም ስለሚል መቋሚያው ይሰማል።

ረቡዕ



ረፋዱ ላይ ሱቁ በሩዝ ገበሬዎች ተሞልቶ ነበር። መልእክት መጣ፦ «ይድረስ ለውድ ልጄ። እንደምን ዋልሽ? የአምላክ ቸርነት አይለይሽ። እኔ...» ሳጥኑ ስለማይበቃው እዚያ ላይ ተቆረጠ። የተለመደው ሰላምታ ነው ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ወረቀት ላመጣ ጓዳ ስገባ፣ አባባ ወለሉ ላይ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ጎረቤት በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሰን። አክታ ቱቦውን ዘግቶት ነው አሉ፤ ስበው አወጡላቸው። አሳሳቡንም አሳዩኝ፣ መሳቢያ ዕቃውንም ሰጡኝ።

ማታ የጻፉትን ጓዳ ካለው ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን አነበብኩት። መጨረሻው «ትንፋሽ አጠረኝ፣ ነይ» ይላል። ታፍነው እንኳ መጀመሪያ እኔን ጠየቁ። አለቀስኩ።

ሐሙስ

መሪጌታን «ሰላምታውን ይተዉት» የምትል ልጅ የት አለች? ግን አልኩ። «አባባ፣ በሞቴ፣ ሲብስብዎ ጉዳዩን ብቻ ይጻፉ።» ተቆጡ። ቀስ ብለው ጻፉ፦ «ደኅንነትሽን ሳልጠይቅ ጉዳዬን ልናገር?»

እሳቸውን ትቼ ትእዛዙን ቀየርኩት። አሁን የሚጽፉት የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ርእስ ሆኖ ከላይ በደማቁ ይወጣል። «አስቸኳይ» የሚለውን ምልክትም ጨመርኩበት፤ ሳጥኑ እኔ ካልዘጋሁት አይጠፋም። ሞከርኩት፣ ሠራ። ልቤ ግን አልረጋ አለ።

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ብቅ አለ። ርእሱ «ነይ»። ከሥሩ ምንም የለም፤ «ይድረስ» የለ፣ «እንደምን ዋልሽ» የለ። ክው አልኩ። የሰው መታወቂያ ማሽኑ ላይ ትቼ ሮጥኩ።

አክታው ጀምሯቸው ነበር። ቀና አድርጌ፣ እንዳሳዩኝ ሳብኩላቸው። ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ተመስገን! እጄን ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ሥራሽ ሂጂ ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝ።

ሱቅ ገብቼ ባለ መታወቂያውን ይቅርታ እየጠየቅሁ ሳለ ሌላ ሳጥን መጣ። «ይድረስ ለውድ ልጄ። ቅድም ሳልጠይቅሽ ጠራሁሽ።» ከላይ በደማቁ ደግሞ፦ «እንደምን ዋልሽ?»

ሱቁን እስክዘጋ ድረስ ሳጥኑን አላጠፋሁትም።