የተረተርኩት ዙር

ጻፍኩ ሃያት! እንደገና ጻፍኩ! ሞተ ብዬ የቀበርኩት ብሎጌ ተነሣልሽ! በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ጽሑፍ ለጥፌ አራተኛውን ጀምሬያለሁ፤ አምስተኛው ደግሞ ትናንት ልብስ ሳጥብ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲንጫጫ ዋለ። አልሐምዱሊላህ!

በይ አሁን ሰላምታው ይግባ፤ እናታችን ብትኖር «ሰው በር ሳያንኳኳ ዘው ይላል?» ብላ ትቆጣኝ ነበር። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህት ዓለሜ። እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሰሌዳ ፊት ቆመሽ ስትውይ የሚይዝሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ትችይዋለሽ? ሙንዲር ደህና ነው? ልጃችን ሁስና ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? አማትሽ ጉልበታቸውን ዘንድሮ ብርዱ አልጎዳቸውም? ጅማስ ዝናቡ ቆመላችሁ? እኛ ከናንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ያ ባሌ አብዱልሀኪምም ደህና ነው፤ ሱቁ ውስጥ ጨርቁን እየለካ፣ በኔ እየቀለደ ይውላል።

ዛሬ ምን ሆና ነው እንደ ድሮ ሰው በወረቀት የጻፈችልኝ ትይ ይሆናል። በስልክ ስዋሽሽ ስለከረምኩ በዚያው ስልክ ላስተባብል ሳስብ አፈርኩ። «ምነው ብሎግሽ ዝም አለ?» ባልሽኝ ቁጥር «ኔትወርክ የለም» እልሽ ነበር። ኔትወርኩማ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፣ አንዳንድ ቀን ይመጣል። የጠፋው የኔ ልብ ነበር። አንቺም ጨዋ ነሽና «ታዲያ የጎረቤትሽን ሠርግ ቪዲዮ በምን ላክሽልኝ?» ብለሽ አላፋጠጥሽኝም። አሁን ሁሉንም ከሥሩ ልንገርሽ፤ ረዘመ ብለሽ እንዳትዘይው።

የሰፈራችንን ሴቶች ልማድ አትረሺውም። አንዷ የጀመረችው ስፌት እጇ ላይ ሲከብዳት ለጎረቤቷ ትሰጣለች፤ ጎረቤቷ አንድ ዙር፣ የሁለት ጣት ስፋት ያህል፣ ሰፍታ ትመልስላታለች። የሰው ዙር ከገባበት በኋላ ሥራውን ማን ይጥለዋል? ያሳፍራላ! ባለፈው ሰኔ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ፣ ለምን ይህንኑ ወደ ብሎጉ አላመጣውም አልኩ። አንድ ትልቅ መሶብ ጀመርኩና በየሳምንቱ ለአንዲት ሴት መስጠት ያዝኩ። እሷ አንድ ዙር ትሰፋለች፤ እኔ መስኮቱ ሥር አድርጌ ፎቶ አነሣና ስለ እጇ፣ ስለ ቀለም ምርጫዋ፣ ስትሰፋ ስላወራችው ወሬ እጽፋለሁ። ዳቦ ቤት ያለችው ሴትዮ ሰፋች፣ ነርሷ ሰፋች፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሚስትም ሰፋች። ሃያት፣ ያኔ ጽሑፉ ራሱ ይመጣልኝ ነበር! እኔ እጽፈዋለሁ ማለት ይከብደኛል፤ ሰዎቹ ያወሩታል፣ እኔ እከተለዋለሁ። አንቺም «ይች ሴትዮ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትጽፈው» ብለሽ የሳቅሽው ያኔ ነው።

ስምንተኛዋ እትዬ ደስታነሽ ነበሩ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለው ገጠር በገበያ ቀን አክርማ እያመጡ የሚሸጡልኝ እናት ናቸው፤ የዚህ ሁሉ ስፌት ሣር ከእሳቸው እጅ ነው የሚመጣው። መሶቡን ይዘው ሄዱ፣ በሳምንቱ መለሱት። ስገልጠው ደነገጥኩ። ሌሎቹ ሰባቱ ቀይ በአረንጓዴ፣ ቀይ በአረንጓዴ እያደረጉ የመጡበትን መሶብ፣ እሳቸው በየጣቱ ስፋት መሐል ቀለም ያልተነከረ ነጭ አክርማ አስገብተውበታል። ቀለም ያለቀባቸው መሰለኝ። ወይም ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል አልኩ። ፎቶ ሳነሣው አላማረኝም። አዞርኩት፣ አሁንም አላማረኝም።

ከዚያማ ምን ልበልሽ፤ ተረተርኩት። ወስፌውን ይዤ ከሰዓቱን ሙሉ የእትዬ ደስታነሽን ዙር ጥንቅቅ አድርጌ ተረተርኩትና በራሴ እጅ፣ ቀይ በአረንጓዴ አድርጌ ሰፋሁት። ፎቶ አነሣሁት። ከሥሩ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰለሽ? «የእትዬ ደስታነሽ እጅ ይህን ይመስላል፤ ስፌታቸው አይላላም፣ ቀለማቸው አይሳሳትም» ብዬ። አንቺም ላይክ አድርገሽዋል! እንደዚያ ፎቶ የተወደደልኝ የለም። ከቡሬ፣ ከመራዊ፣ ከየት ከየቱ ሴቶች «እጃቸው ይባረክ» እያሉ ጻፉ።

የእትዬ ደስታነሽ ምራት ያምሮት ስልክ አላት። አሳየቻቸዋ! በሚቀጥለው ገበያ የአክርማውን እስር በር ላይ አስቀምጠው ሳይቀመጡ «እስቲ መሶቡን አምጭልኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ይች እጅ የማን ናት?» አሉኝ። «የርስዎ ናት እንጂ» አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ። እሳቸውም ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «እኔ ልጄ፣ ዓይኔ ቢደክም እጄ የራሱን አይስትም። ያ ሁሉ ሰው የመረቀው አንችን ነው፤ ምርቃቱን ያዥው፣ ስሜን ግን መልሽልኝ» ብለውኝ ሄዱ። አክርማውንም ዋጋውን ሳይቀበሉ ጥለውት ሄዱ እኮ! ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን ሌላ ሰው ነው የሚልኩት፤ እሳቸው በደጄ አላለፉም። ይህ የሆነው ነሐሴ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ መጻፍ እምቢ አለኝ። አልችል አልኩ። ዘጠነኛዋን ሴት ልጠራ አስብና፣ እሷ የምትሰፋው በኔ ውሸት ላይ ነው እላለሁ፣ እተወዋለሁ። እውነቱን ላለማየት ደግሞ ሰነፍኩ ብዬ ራሴን አሳመንኩት፤ ስንፍና ከሆነማ መድኃኒቱ ቀላል ነው ብዬ። ማክሰኞና ዓርብ እጽፋለሁ ብዬ ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ከበብኩ። አብዱልሀኪም አየውና «እነዚህ ቀናት ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?» አለኝ። ስልኬ ላይ የውጭ አገር ሴቶችን የእጅ ሥራ ሳይ አመሸሁ፤ እነሱ ከአሮጌ ጠርሙስ የአበባ ማስቀመጫ ሲሠሩ አየሁና እኔም የዘይት ጄሪካን ቆርጬ፣ ክር ጠምጥሜ ሠራሁ። ጎረቤቶች መጥተው አዩት። አንዷ «ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ይሆናል» አለች፤ እውነቷን ነው፣ አሁን ዶሮዎቹ ይጠጡበታል። ፎቶውን ግን አንስቼ እንኳ አልለጠፍኩትም። ስልኩን እከፍታለሁ፣ «ውድ አንባቢዎቼ» ብዬ እጽፋለሁ፣ እዚያው ላይ ቁጭ። አምስት ወር ሙሉ «ውድ አንባቢዎቼ» ላይ ቁጭ! ብሎጉን ልዝጋው ብዬ አንቺን የይለፍ ቃሉን የጠየቅሁሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ረሳሁት ያልኩሽ፣ ልዘጋው ነበር።

ያዳነችኝ አንዲት የመራዊ አንባቢዬ ናት፤ ሳታውቀው። በጥር መግቢያ ላይ «የእትዬ ደስታነሽን ዙር እያየሁ ሠርቼ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ለእሳቸው ምስጋናዬን አድርሽልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ይህን ምስጋና ለማን ላድርስ ሃያት? መሶቡን በሻሽ ጠቀለልኩና ለአብዱልሀኪም የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እሱም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀልድ ሰማኝና «አምስት ወር ሙሉ ለራስሽ ስታስረጂ ከምትከርሚ፣ አንድ ሰዓት ለእሳቸው አይሻልም ነበር?» አለኝ። ጥር አራት ቀን፣ ሰኞ፣ ማንኩሳ ወረድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ፣ ከባጃጁም በእግር።

እትዬ ደስታነሽ አጥራቸው ሥር ስንደዶ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ተነሥተው ሳሙኝ፤ እንግዳ ነኝና። እኔም ያጠናሁት ይቅርታ ነበረኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስለው የመጣሁት፤ እሱን ተውኩት። ሻሹን ፈታሁና አጠገባቸው ተቀምጬ ያችን የውሸት ዙር በወስፌ መተርተር ጀመርኩ። ቀዩን እስብ፣ አረንጓዴውን እስብ። ያምሮት ከቤት ወጥታ «ውይ! ምን ሆነች? ያማረውን ለምን ታፈርሰዋለች?» ስትል፣ አማቷ «ተያት፣ የራሷን ነው የምታፈርሰው» አሉ። ግማሽ ስደርስ እንባዬ መጣ። እሳቸው ያኔ ሳቁ! «አክርማውን አታርጥቢብኝ፣ የሚረጥበውማ ሲሰፋ ነው» አሉኝ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። እፎይ አልኩ ሃያት፤ አምስት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሥቶ ሄደ።

ትርተራው ሲያልቅ መሶቡን ተቀበሉኝና ራሳቸው ሰፉት፤ ያንኑ ነጩን በየጣቱ መሐል እያስገቡ። ቀለም አልቆባቸው አልነበረም! ዓይናቸውም አልደከመ። «ሁሉ ቀለም ከሆነ ዓይን የት ይቀመጣል? ይደክመዋል። እናቴም እንዲህ ነበር የምትሰፋ» አሉኝ። እኔ ጠየቅኳቸው እንዴ በነሐሴ? አልጠየቅኳቸውም። ስለ እጃቸው ጻፍኩ እንጂ አንድም ቃል አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ «ስምዎን እንዴት አድርጌ ልመልስ?» ብላቸው «እንዳወጣሽው አግቢዋ። የጻፍሽበት ቦታ ላይ ጻፊው፤ የተረተርሽውንም ጻፊ» አሉኝ።

እዚያው እሳቸው እየሰፉ እኔ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። «ውድ አንባቢዎቼ» አላልኩም። «የእትዬ ደስታነሽን ዙር ተርትሬ የራሴን በስማቸው ሰጠኋችሁ» ብዬ ጀመርኩና ሳልቆም እስከ መጨረሻው ሄደልኝ። እያነበብኩላቸው «እዚህ ላይ ራስሽን አበዛሽው፣ ቀንሽ» እያሉ አስተካከሉኝ። ኔትወርክ የመጣልኝ ማንኩሳ መንገድ ዳር ስደርስ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ለጠፍኩት። ሴቶቹ ይሰድቡኛል ብዬ ፈርቼ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ቀበርኩት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሁሉም የየራሱን ኃጢአት ሲያወራ! አንዷ የቡሬ ሴት የአማቷን ሰፌድ ጠርዝ በድብቅ ተርትራ በራሷ እጅ ብትሰፋው፣ አማቷ ሦስት ዓመት ሙሉ «እጄ እንዴት ያምራል» እያሉ ለእንግዳ ሲያሳዩ ኖረዋል አለች። ሌላዋ የእህቷን ጥልፍ። ያች የመራዊዋ ደግሞ «ነጩን አስገብቼ እንደገና እሠራዋለሁ፤ ምስጋናው ግን ይድረስልኝ» ብላለች። አደርስላታለሁ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ጠፍቶኝ የነበረው የምጽፈው ሳይሆን የምጠይቀው ነው መሰለኝ። አሁን መሶቡን ለአንዲት ሴት ስሰጣት አብሬ እቀመጣለሁ፣ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» እላለሁ፤ በቃ፣ ጽሑፉ ያ ነው። በቀይ የተከበቡትን ማክሰኞና ዓርብም ፈትቻቸዋለሁ። ደክሞኝ ያልጻፍኩበት ሳምንት ቢኖር ነጭ ነው ብለሽ ተይው።

ሙንዲርን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ሁስናን ጉንጯን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፤ ብሎጉን ያሳመረችልኝ ልጅ ናትና ነጩ ዙር ያለበትን ፎቶ ፊት ለፊት ታድርግልኝ። ጎረቤትሽ ወይዘሮ አደይን፣ ስትታመሚ ያስታመመችሽን፣ ሰላም በያት። አብዱልሀኪም ሰላም ብሎሻል። ለዕቃ አዲስ አበባ ሲሄድ ይህን ደብዳቤ ይዞ በጅማ አውቶቡስ ይልክልሻል።

መሶቡን እናስመርቀዋለን። የሰፉት ሁሉ ይመጣሉ፤ እትዬ ደስታነሽ ከያምሮት ጋር እርጎና ማር ይዤ እመጣለሁ ብለዋል። ሥጋ የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከዚያው ከአንዱ መሶብ እጁን እንዲዘረጋ ብዬ ነው። አብዱልሀኪም «ድግስ ያለ ሥጋ ስብሰባ ነው» እያለ ያጉረመርማል፤ አትስሚው። የነነዌ ጾም ያልፋል፣ ሁዳዴያቸው አይገባም፣ የኛም ረመዳን ገና ነው፤ ቀኑን ከእትዬ ደስታነሽ ጋር ቁጭ ብለን ቆጥረን ነው ያገኘነው። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቂ፣ ሙንዲርንም ሁስናንም ያዥ፣ ከተቻለም አማትሽን። ምክንያት አልሰማም፤ እሁድ፣ የካቲት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሁላችሁም እዚህ።

እህትሽ ሳቢሃ
ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.