ሁለቱ ድስቶች በደንገጎ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስምረት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደኅና ነን። እናትሽ እንደ ወትሮዋ ትቆጣለች፤ ስለዚህ ጤነኛ ነች።

ይህን ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። አባትሽ ነው፣ በገዛ እጁ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህሯ እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም ብላኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ በምስጋና ወስጄዋለሁ።

አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ኢልሃን ሁልጊዜ አጠገብሽ ስለሆነች ነው። ነገሩ ወንድሟን ይነካል፣ አንቺ ደግሞ ቤቷ ነው የምትኖሪው። ደግነቱ የአማርኛ ፊደል አታነብም።

ባለፈው ቅዳሜ የእኛ ሠፈርና የመጋላ ሰዎች አንድ ላይ ደንገጎ ተራራ ወጥተን አደርን። ሁለቱ ሠፈር ከተጣላ ወዲህ ሰርግ እንኳ መጠራራት እንደቀረ ታውቂያለሽ። የሁለቱ ሠፈር ሽማግሌዎችና ወጣቶች ተማከሩና አብረን እንውጣ፣ አብረን እንብላ አሉ። ድንኳን ተተከለ፣ ገመድ ተዘረጋ። ቢታንያ የምትባል ፊሽካ ያንጠለጠለች ወጣት እኛን ሽበታሞቹን እንደ ሕፃን ታሰልፈን ጀመር። በገመድ ቋጥኝ ውጡ ስትል እኔ እንደ ዝንጀሮ ወጣሁ። እናትሽ አውርዱኝ እያለ ሲጮኽ ነበር ትላለች። እዚያ አልነበረችም፤ አትስሚያት።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አንዳችንን ዓይናችንን በጨርቅ አሰረችንና ሌላው እንዲመራን አዘዘች። ለእኔ የደረሰኝ ዐብዲፈታሕ ነው። አንቺን እህቱ ቤት ያስገባልኝ፣ ጠቡ ሲመጣም ትውጣ ያላለው ዐብዲፈታሕ። ሰላምታችን ከሩቅ ከሆነ ቆይቷል። እጄን ይዞ በገደሉ አፋፍ ወሰደኝ። እዚህ ጋ ድንጋይ አለ አቦ፣ እግርህን አንሣ እያለ አንድ ጠጠር አላስነካኝም። ጨርቁ ሲፈታ ዓይኔ እርጥብ ነበር። ላብ ነው።

ምግቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁርሶ ላይ ለወታደር ያበሰልኩ ሰው እያለሁ ማን ይያዘው? (እናትሽ ሽንኩርት ነበር የሚልጠው ትላለች።) ሁለት ፍየል ታረደ፤ አንዱን የእኛ ሰው በስመ አብ ብሎ፣ ሌላውን የእነሱ ሰው ቢስሚላሂ ብሎ። ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱ ድስት ጆሮ ላይ ጨርቅ ያስርበትና ያበቃል። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። በከሰል ጻፍኩበት፤ በአንዱ «ክርስቲያን»፣ በሌላው «ሙስሊም»። ሰው ሁሉ እየመጣ አየልኝ። የጻፍኩት ግን ክዳኑ ላይ ነው።

ሲፈላ ሁለቱንም ክዳን አንሥቼ፣ ጭልፋዎቹንም ላያቸው ላይ አድርጌ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። በዚህ መሐል አንዱ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንፈራገጥ አየሁና አወጣጡን ላስተምረው ሄድኩ። ተመልሼ አንዱን ክዳን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ገጠምኩና እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ድስቶቹ መንታ ናቸው። የትኛው የየትኛው ነበር? ልጄ፣ ጠፋኝ።

ሰው ተርቦ ተሰልፏል። መጋላና ከዚራ እየተጎሻሸመ ይሣሣቃል። ይህን ማን ያፈርሰዋል? ደግሞስ የሁርሶው ዓብዩ ድስት አምታታ ሊባል ነው? ምናልባት ልክ ገጥሜው ይሆናል አልኩና ጨለፍኩ። የመጀመሪያውን ሳህን ለዐብዲፈታሕ ሰጠሁት። ቢስሚላሂ ብሎ ጎረሰ፣ ዋጠ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያነሣ እጁን ያዝኩት።

«ተወው» አልኩት። «ክዳኑ ተምታቶብኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው አውቆ ነው አለ። ሌላውም እሱኑ ደገመ። ከእኛ ወገን መልስ የሚሰጥ ተነሣ። ዐብዲፈታሕ አፉን ተጉመጥምጦ መሐላቸው ቆመ።

«ዓብዩን አውቀዋለሁ» አለ። «ቢያውቅ ኖሮ ለእኔ አያቀርብልኝም። ሳያውቁ በተደረገ ነገር ወንጀል የለም። ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አሉ። ዳቦና ሙዝ በላን፤ ከዚያ ወዲያ ከሁለቱም ድስት የቀመሰ የለም። ያን ሌሊት የደንገጎ ጅቦች ሃይማኖት ሳይጠያየቁ በሉ። ሰዉም አብሮ ስለተራበ ነው መሰለኝ ይበልጥ ተዋደደ። ሁሉም ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።

ግን ስምርዬ፣ ሳህኑን ሳቀርብለት እንደጠፋኝ አውቅ ነበር። እሱ በሰው ሁሉ ፊት የመሰከረልኝ በሌለ ነገር ነው።

ትናንት ቤታችን መጣ፤ ከጠቡ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እናትሽ የምታደርገው ጠፋት። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ቀልድ ወጣ። እንደገና ከፈትኩ፣ አሁንም ቀልድ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ዛሬ ፀሐዩ በረድ ሲል የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ መጋላ እሄዳለሁ። እነግረዋለሁ። የኢልሃን ፊት ተለውጦ ካየሽ ምክንያቱ አባትሽ ነው፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከቤቴ ውጪልኝ ካለችሽ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሹፌሩ ዑመር ይዞሽ ይመጣል፤ ነግሬዋለሁ።

ፊቷ ካልተለወጠ ግን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወንድሟ ይቅር ብሎኛል፣ ወይ እኔ አሁንም አልነገርኩትም። የትኛው እንደሆነ ደውለሽ አትጠይቂኝ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ፤ የሰው ፊት አያጥቁርብሽ።

አባትሽ ዓብዩ