ከዜሮ ያነሰ የአሥራ ሰባት ዓመት ልምድ

ሰኔ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.
ቦንጋ

ለተከበሩ አቶ ሰብሃት ተድላ
የሠራተኞች ምደባ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፡ ልምድ እንደሌለኝ ስለነገሩኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ እንዲሁም ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ ድርግም የሚለውን የቢሮዎን ኮምፒውተር ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ተንሳፍፌያለሁ እንጂ አልሰመጥኩም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። በታይፒስትነት ዘመኔ ለእርስዎ የሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ ሳይነበብ «ለሚመለከተው» ተብሎ ሲመራ ስላየሁ፣ ቢያንስ በሰሌዳው በኩል የሚያልፍ ባለጉዳይ ያንብብልኝ ብዬ ነው።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ በዚሁ መሥሪያ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት በታይፕ ጽፌያለሁ። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጡ መጥቶ ባለሙያው ሁሉ ደብዳቤውን ራሱ ይጻፍ ሲባል የእኔ መደብ ታጠፈና ስሜ ከተንሳፋፊዎች ዝርዝር ገባ። ተንሳፋፊ ማለት ጠዋትና ማታ እየፈረመ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚውል፣ እስከ ሰኔ 30 ምደባ ካላገኘም የሚሰናበት ሠራተኛ ነው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መዋል አልተፈጠረልኝም። ስድስት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ስድስት ጊዜ እዘጋዋለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ጣቶቼ ስብከቱን ጉልበቴ ላይ ሲጽፉ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን ነካሽ ብላ ጎሰመችኝ።

ምን እንደነካኝ ለእርስዎ ልንገርዎት። በአርባ አንድ ዓመቴ ሥራ ወደድኩ። ከልጆቼ እኩዮች ጋር በማታው ክፍለ ጊዜ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ጥገና ተምሬ፣ የሞተ ማሽን ሆዱን ከፍቼ ሲነሳ ባየሁ ቁጥር እንደ ሕፃን እፈነድቃለሁ። ስለዚህ መጋቢት ላይ «ጀማሪ የኮምፒውተር ጥገናና ድጋፍ ሠራተኛ፣ ትምህርት 10+2፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። እልልታውን በልቤ መያዜ በጀኝ።

ቅሬታዬን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ከውጭ ለሚመጣ ሰው ዜሮ ዓመት የሚበቃ ሲሆን፣ ከውስጥ ለሚዛወር ሠራተኛ ግን «ቀጥታ አግባብነት ያለው» የሁለት ዓመት ልምድ እንደሚያስፈልግ፣ የእኔም አሥራ ሰባት ዓመት አግባብነት እንደሌለው ገልጸውልኛል። እንግዲህ አንድ ቀን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ዜሮ ካለው፣ እኔ ዜሮ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚቀረኝ ኮሚቴው አስልቶ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ። ዜሮ ሳልደርስ ዕድሜዬ እንዳያልቅ ሰግቻለሁ።

2ኛ. ባለፉት ሁለት ዓመታት ተላላኪያችን እትዬ ዘነበች ጭቃውን እየረገጠች እኔን ፍለጋ ያልመጣችበት ሳምንት የለም። «ኧረ ተሾመች፣ ድረሺ፣ እዚያ ላይ አንዱ ሊያብድ ነው!» ትለኛለች፤ ያብዳል የተባለው ብዙ ጊዜ የዕቅድ ባለሙያው አቶ ደምመላሽ ነው፣ የዓመት ሪፖርቱን ቫይረስ በልቶበት። ከሺሺንዳው ጽሕፈት ቤት በስልክ እየደወሉ «የቱን ገመድ ልንቀል?» ይሉኛል። ለደካው ጽሕፈት ቤት የሚላከውን ማሽን አዘጋጅቼ በካርቶን ያሰርኩት እኔ ነኝ። የራስዎን ኪቦርድም አይዘነጉትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከየት እንደመጣ ያልጠየቅሁት ማር ፈስሶበት ፊደሎቹ እንደተጣበቁ፣ አንድ በአንድ ነቅዬ በአልኮል አጥቤ መልሻቸዋለሁ። የማሩ መዓዛ ግሩም ነበር። ታዲያ ለዚህ ሁሉ የልምድ ማስረጃ ስጠይቅ፣ በደብዳቤ ስላልተመደብኩበት «ትብብር ነው እንጂ ልምድ አይባልም» አሉኝ። በጽሑፍ የሌለ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል ብለውም አስተማሩኝ። ይህችን ትምህርት አልረሳኋትም።

3ኛ. ግንቦት 18 ቀን ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ሳለ እትዬ ዘነበች እየሮጠች መጥታ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሏል አለችኝ። ገባሁ። አምስታችሁም ቆማችሁ ፕሪንተሩን እንደ ታማሚ ከባችሁታል፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጋሽ ኢያሱ ብቻ ጥጉን ይዞ እንደ ልማዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። የተነከሰውን ወረቀት አወጣሁ፣ ሮለሩን አጸዳሁ፣ አስነሳሁት። መጀመሪያ የወጣው ገጽ የአመልካቾች ሠንጠረዥ ነበር፤ በመጨረሻው መስመር ላይ የእኔ ስም፣ ከስሙ ትይዩም «አያሟላም» ይላል። በሁለት እጄ ሰጠሁዎት። እርስዎም «ተባረኪ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር?» ብለው ተቀበሉኝ፣ ከዚያም በሩን ዘግተው ያላንቺ እንሁን ብለው ወሰኑ። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

ምናልባት ማስነበብ ያለብኝ ቁጣዬን ሳይሆን ፍርሃቴን ነው። ከሰኔ 30 በኋላ ወደ ቤቴ ስገባ እነዚህን እጆች የት እንደማኖራቸው አላውቅም። ሹመት አልለመንኩም፤ ጀማሪ ልሁን ነው ያልኩት። ጀማሪ ለመሆን መለመን እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

ይሁን እንጂ ውሳኔዎን አከብራለሁ። ልምድ የሌለው ሰው የመንግሥት ንብረት እንዲነካካ መፍቀድ በሕግ ስለሚያስጠይቅ፣ እርስዎን ከዚህ ተጠያቂነት ለማዳን ስል ከዛሬ ጀምሮ አንድም ማሽን እንደማልነካ በአክብሮት አስታውቃለሁ። እትዬ ዘነበችም ጉልበቷን ያማታል፤ ከጭቃው ትረፍ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝ መደብ፣ ለቀመሱት ማርና ላልቀመስኩት፣ ከምስጋና ሁሉ የላቀ ምስጋናዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎትና መብራቱም እንዳይጠፋብዎት ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ተሾመች ግዛቸው (ወ/ሮ)
የቀድሞ ታይፒስት፣ የአሁን ተንሳፋፊ

አባሪ፡ አንድ ገጽ

ማሳሰቢያ፡ የግንቦት 18ቱ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ በደንቡ መሠረት ከሪከርድ ክፍል ተሰጥቶኛል። ጋሽ ኢያሱ ምንም አልዘለለም፤ እግዜር ይስጠው። ተራ ቁጥር 3 «ስብሰባው በፕሪንተር ብልሽት ለአርባ ደቂቃ ተቋርጦ፣ ወ/ሮ ተሾመች ግዛቸው ተጠርተው ጠግነውት ቀጥሏል» ይላል። ተራ ቁጥር 4 ደግሞ «ወ/ሮ ተሾመች ግዛቸው በጥገና ሥራ ምንም ልምድ የሌላቸው በመሆኑ ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል» ይላል። ከሥሩ የአምስታችሁ ፊርማ፣ የእርስዎ ከሁሉም በላይ፣ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ስለምንዎት የከረምኩትን የሁለት ዓመት ሥራ ማስረጃ ሳያነቡ ፈርመው ሰጡኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው። ትናንት ለይግባኝ ሰሚው ልኬዋለሁ። አንዲት ፊደል እንኳ አልደበዘዘችም፤ ፕሪንተሩ የዚያን ዕለት በደንብ ተጠግኖ ነበር።