እኔ ቤት የተነገረ መርዶ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ጥያቄው የተማሪዬ የሕይወት ነው፤ ከኋላ ወንበር፣ ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቀዋ ልጅ። «ቲቸር፣ ሰዎቹ የርስ በርስ ጦርነት መሆኑን ያወቁት እየተዋጉ ሳሉ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ?» አለችኝ። የአሜሪካኖቹን ማለቷ ነው። ይሁን አይሁን እንጃ፣ ክፍሉ ግን በሙሉ ዞሮ አያት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን ብዬ አለፍኩት። የፈሪ መልስ።

ሰሌዳው ላይ እንደ ልማዴ ሦስት ቦታ ከፍዬ ነበር፤ መንስኤ፣ ሂደት፣ ውጤት። የሰው አገር ጦርነት ሲሆን እንዴት ይቀላል! ሰሜን ከደቡብ ተዋጋ፣ ወንድም ወንድሙን ገደለ፣ አለቀ፣ ሙታናቸውን ቆጠሩ። የኛው ስም እንኳ የለውም። ራዲዮው «ወንበዴ» ይላል፣ «እናት አገር» ይላል፣ ከዚያ ማርሽ ያሰማል። ደሴ አብራኝ የተማረችው አልማዝ በረሃ ከገባች ቆየች። ታናሽ ወንድሜ ግርማ መቶ አለቃ ሆኖ ሽሬ በኩል ነበር። ሁለቱም እናቴ ቤት ከአንድ ትሪ በልተው ያደጉ ናቸው። ይህን የት አድርጌ ልጻፈው?

ከግርማ ከገና ወዲህ ምንም ወሬ የለም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢሞትም የሚነግረኝ መንግሥት አይደለም።

ማታ ከእትዬ ሣራ ጋር ራት በላን። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት አላት። ያላት ልጅ ማቴዎስ ብቻ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት እሱም ሰሜን ነው። ከአውቶቡስ የወረደ ወታደር ሁሉ ሻይ በነፃ ይጠጣና ስለ ማቴዎስ ይጠየቃል። «ረጅም ነው፣ ሲስቅ ድዱ ይታያል» ትላቸዋለች። ዛሬም ያየው የለም። እኔ ክፍል ሲማር ታሪክ ላይ ይተኛ ነበር፣ ጉደኛ።

ማክሰኞ

ላምባ ልገዛ ወጣሁ። የዕድራችን ዳኛ አቶ በቀለ ሱቁ በር ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆመዋል። እኔ ስደርስ ወሬው ተቋረጠ። «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ፣ ዓይናቸው ግን ጫማዬ ላይ ነበር። እኒህ ሰውዬ ሳይቀልዱብኝ አልፈውኝ አያውቁም። ሁልጊዜ «ባል መቼ ነው የምናይልሽ» ነው ሰላምታቸው።

ስመለስ ከእትዬ ሣራ ጋር ተገናኝተን አብረን ገባን። የልብስ ሰፊው ልጅ ከሰሜን ቆስሎ ተመልሷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ገና ከሩቅ ሲያየን መንገድ ተሻገረ። ሣራ ጠራችው፣ እንዳልሰማ ሆነ። «እግሩን አሞት ይሆናል» አለች ምስኪን።

ምንም አይደለም። ምንም አይደለም እያልኩ የፈተና ወረቀት አረምኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ረቡዕ

ሣራ ሻይ ቤቷን ዘጋች። በሥራ ቀን! ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ አስመጥታ ጠብሳ ይዛልኝ መጣች። ሁዳዴ መሆኑን ታውቃለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ ግን የኔን ጾም ከኔ በላይ የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። ዛሬ «ዓሣ አይቆጠርም፣ ብዪልኝ» ብላ ከአጠገቤ አልነሳ አለች። እሷም አብራኝ በላች። ስበላ ታየኛለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ምን ሆነሻል አልኳት። ልቤን ትንሽ አሞኝ ነው አለች። እውነት ልብ ሕመም አለባት፣ ግን እሱ አይደለም።

እንግዲህ እኔ ጅል አይደለሁም። መርዶ የሚነገረው ሰው በልቶ እንዲያድር ይደረጋል። ብቻውን አይተውም። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። እኔም ስንት ሰው ቤት ከሚያንኳኩት ጋር ሄጃለሁ።

ዳኛው አላዩኝም። ያ ልጅ ሸሸኝ። ሣራ ሻይ ቤት ዘጋች፣ ጾም አስፈታችኝ።

ግርማዬ።

ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠርተውኝ የአሜሪካኑን በአጭሩ ጨርሺና ወደ ፈረንሳይ እለፊ አሉኝ። ማን ነገራቸው? እሺ አልኩ።

ክፍል ስገባ ግን ሕይወት ታየኛለች። ምን ይምጣ ብዬ «ባለሥልጣኖቹ ካለቀ በኋላ ነው የሰየሙት፤ እናቶች ግን እየተዋጉ ሳሉ ያውቁ ነበር» አልኳት። አንድም ተማሪ አልጻፈውም። ሁሉም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሐል ደስ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።

ስወጣ መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። መጽሐፉ የሙታኑን ቁጥር በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። ዕድሜ ልኬን ያንን መስመር ሳስተምር ኖሬ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ዓርብ

ቤቴን አጸዳሁ። ለቅሶ ደራሽ ይመጣል። ጥቁር ቀሚሴን አውጥቼ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ያዘጋጀሁት እንደሆነ የጠራሁት መሰለኝ።

ሄጄ አቶ በቀለን ልጠይቃቸው? የራሱን መርዶ የሚጠይቅ ማን አለ? ካልጠየቅኩ ግርማ እስከ ነገ አለ። ይቺን አንድ ቀን ለምን ልንፈገው?

ምሽት ላይ ሣራ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አላስችላት አለና አለቀሰች። «ጠዋት እመጣለሁ» አለችኝ። በቃ፣ ነገ ነው።

ቅዳሜ

ወፍ ሲንጫጫ ተንኳኳ። ልብሴን ሳላወልቅ ነው ያደርኩት። መጀመሪያ የገባችው ሣራ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። አቀፈችኝ፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝ፣ ሁለት እጄን ያዘች። አቶ በቀለ ተከትለው ገቡ፤ የሣራ ጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ የጎረቤት ሴቶች። «አይዞሽ ሙልዬ፣ እኔ አለሁልሽ» ትለኛለች ሣራ ጆሮዬ ሥር። የወንድሜን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ።

አቶ በቀለ እኔን አላዩኝም። «ሣራ፣ አንቺም ቁጭ በይ» አሏት።

«እኔ ደህና ነኝ ጋሼ፣ እሷን…»

«ማቴዎስ ነው፣ ሣራ። ማቴዎስ ዐርፏል።»

እጄን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻቸው። «የሙሉ ወንድም ነው አላሉኝም እንዴ?» አለቻቸው። በዝግታ፣ በትሕትና፣ የተሳሳቱ መስሏት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ለካ የልብስ ሰፊው ልጅ ወሬውን ይዞ ሲመጣ፣ የሣራ ልብ ደካማ ስለሆነ፣ ብቻዋንም ስለምትኖር እንዲህ አድርገው መከሩላት። የመምህሯ ወንድም ሞቷል፣ አብረሻት ብዪ፣ አጽናኛት፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረሽን ነይ አሏት። እኔን ስታበረታ እሷም በልታ፣ በርትታ፣ ሰው መሐል ሆና እንድትሰማው ነው። ያ ዓሣ ለሷ ነበር። ዕቅዱ ሠርቷል፣ ልቧ አልቆመም።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ፣ ለማንም አልናገረውምና። የማቴዎስ ስም ሲጠራ፣ እሷ ከመጮኋ በፊት፣ እፎይ አልኩ። ግርማ አይደለም አልኩ በልቤ። እጄ በእጇ ውስጥ ሆኖ።

እሑድ

ልብስ ልቀይር መጥቼ ነው የምጽፈው።

ቀበሌው ድንኳን ከልክሏል። መንግሥት ያልተናገረውን ሞት ማልቀስ ሽብር መንዛት ነው አሉ። ስለዚህ ለሚጠይቅ ሁሉ ይርጋለም ያሉ አጎቷ ናቸው የሞቱት እንድንል ተነገረን። ሣራ ስታለቅስ የልጇን ስም እንዳትጠራ ሴቶቹ አፏን በነጠላ ይይዙላታል። መዝሙሩም በሹክሹክታ ነው፣ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ጀምሮ ለምደውታል።

አቶ በቀለን ጥግ ይዤ ተናገርኳቸው። እንዴት እኔንም ሰው ነች አላላችሁም አልኳቸው። ሰውዬው አለቀሱ። «ሣራ እንድታምን ሰሜን ዘመድ ያለው ሰው ያስፈልገን ነበር። ካንቺ ጆሮ እንዳይገባ ደግሞ ተጠንቅቀናል» አሉኝ። ጆሮዬማ ምንም አልሰማም ጋሼ፣ ዓይኔ ነው ያላረፈው አልኳቸው። ደግሜ ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል ሣራ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላኝ ተኛች። ድምፅዋ አልቋል። «ሙሉ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከፈለግሽ ተቀየሚኝ» አለች። «ወንድምሽ ነው ያሉኝ ቀን ተንበርክኬ ጌታን አመሰገንኩት። የኔ ስላልሆነ።»

ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ «እኔም ትናንት» አልኳት።  ብርድ ልብሱን ከፍ አድርጋ ለኔም ቦታ ለቀቀችልኝ።

ዛሬም እዚያው ነው የማድረው። የግርማ ወሬ የለም።