ማክሰኞ በርበሬ ብቻ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
ማሽላ፣ በቆሎ፣ ደግሞ ማሽላ። ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው አዲሱ ወፍጮ ቤት ዛሬም ሙዚቃውን ለቀቀው። ጄኔሬተርም አለው አሉ። ይኑረው! ወንድሜ ሀብቱ፣ "እታለም፣ ደንበኛ ሳይሸሽሽ ወፍጮውን ሽጪው" ይላል። ሸጬስ ምን ልሁን? የሱን ልጆች ጠባቂ?

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ጉድ ሆንኩ። በርበሬ ፈጭቼ፣ ወፍጮውን ሳላጸዳ የእማማ ሐዋን ማሽላ ጨመርኩበት። ለልጅ ልጃቸው ገንፎ ነበር... ሕፃኑ አንዴ ቀምሶ ሲጮህ ዋለ። እማማ ሐዋ ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው። አልተቆጡም። ዱቄቱን ደጃፌ አስቀምጠው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።
ሀብቱ፦ "ካጂ! በርበሬው ቤታቸው ነው የገባበት በያቸው።"
አንተ ካድ፣ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ወፍጮውን ፈትቼ ጠረግሁት። ከራሴ ማሽላ ፈጭቼ ይዤላቸው ሄድኩ። ከዱቄቱ ቆንጥሬ ፊታቸው ቀመስኩ። ባላቸው አባባ ባቢከር ሳቁ። እማማ ሐዋ ግን አልሳቁም።
"ሌላ ሰውም ልጅ አለው" አሉኝ። ይህን ብቻ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
በሩ ላይ በከሰል ጻፍኩ፦ በርበሬ ማክሰኞ ብቻ። ለማያነብ አፍ አለኝ።
ሀብቱ ራሱን ያዘ። "በበርበሬ ወቅት? ሰው እየገፋሽ እኮ ነው!"
የሄደ ይሂድ። በሕፃን ገንፎ አልቀልድም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
በርበሬ ይዞ የመጣ አንድ ሰው። አንድ! ማዶ ሰልፍ ነው። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። ጽሑፉን ግን አላጠፋሁም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4
ከጠዋት መብራት ጠፋ። የማዶው ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። ማን ይመጣል ብዬ ልዘጋ ስል እማማ ሐዋ ማሽላቸውን ተሸክመው ከተፍ! ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶቻቸው፣ ልጅ አዝለው።
"መብራት የለም እኮ፣ እማማ። ማዶ አለ።"
"እኔ አየ" አሉ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው። "ማዶ ማሽላ በርበሬ ይሸታል። እኛ እዚህ ይጠብቃል፣ ወላሂ።" ከረጢታቸውን ግድግዳ አስደግፈው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።
ሀብቱ ደወለ። "መብራት ጠፍቶ ምን ትሠሪያለሽ? ዘግተሽ ነይ።"
"ደንበኞቼ ተቀምጠዋል። አልዘጋም!"
ከሰዓት መብራቱ መጣ። መጀመሪያ የሳቸውን ፈጨሁ። ከሚወርደው ዱቄት ልቀምስላቸው ስቆነጥር እጄን መታ አደረጉኝ።
"ተወው" አሉ እየሳቁ። "እኔ ያምናል።"
ሀብቱ አሁን ይምጣና ሽጪው ይበለኝ!