የሊያ «ሆቴል»

ሐሙስ፣ ጁን 2፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ሁለት መንገደኛ ኤርፖርት አድርሼ መመለሴ ነው። ስማኝ ደብተሬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ልጄ ሊያ ፋርማሲ ተምራ ሉዊዚያና አስጎብኚ ሆናለች። ቦታው ድሮ ሰው በባርነት የሚሠራበት የሸንኮራ እርሻ ነበር፤ አሁን የእነሱ መታሰቢያ ነው። ይህን እዚህ ከተማችን ኦሮራ ላለው ሐበሻ ማን ደፍሮ ይናገራል? ለጓደኛዬ ለግርማ የሆቴል ማናጀር ናት አልኩት። የቦታውን ፎቶም አሳየሁት። ነጭ ቤት፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ። ዛሬ ደወለ፦ የልጁን ሰርግ እዚያ ሊደግስ ነው። ቀን ትያዝልን ይላል።

ቅዳሜ፣ ጁን 4

ነገ እሄዳለሁ። ሊያን አሳምኜ እመልሳታለሁ፤ ፋርማሲ ከገባች ውሸቴም አብሮ ይረሳል። ባለቤቴ ሥራ አላት፤ እናቷን ወ/ሮ አስካለን አስይዛኛለች። እሳቸውም ሆቴል ነው የሚመስላቸው። ጥልፍ ቀሚሳቸውን ተኩሰዋል።

ሰኞ፣ ጁን 6፣ ሉዊዚያና

ሙቀቱ አይጣል። ሊያ ጎብኚ አስከትላ ስም የተቀረጸበት ግድግዳ ጋ ቆመች። አማቴ ምን ትላለች አሉኝ። አመለጠኝና በትክክል ተረጎምኩ፦ እዚህ በባርነት ያለቁት ሰዎች ስም ነው፣ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ መቃብራቸው እንኳ አይታወቅም።

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ! እኔ ዛፍ ጀርባ ተደበቅኩ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት መጥታ አቀፈቻቸው፤ ቋንቋ ሳይግባቡ አብረው አለቀሱ። ጎብኚው ኮፍያውን አወለቀ። እኔም አለቀስኩ። ላብ ነው ልልህ ነበር፣ ግን አይደለም።

አማቴ እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ፦ ለቅሶ ቤት በጥልፍ ቀሚስ፣ ያለ እዝን፣ ባዶ እጄን አመጣኸኝ? ዳቦ እንኳ ሳልይዝ?

ሊያ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ሥራዬን ለሰው ነግረሃል ወይ ነው። አዎ አልኩ። ደስ አላት። አንገቴን ደፋሁ። ተመለሺ ልላት ሄጄ ሳልላት ተመለስኩ።

እሁድ፣ ጁን 12፣ ኦሮራ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

በ8 የዕድር ስብሰባ አለ። ግርማ ሰርጉን ለሁሉም ነግሯል፤ ሴቶቹ ቀሚስ መርጠዋል። አማቴ ድፎ ዳቦ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ ይላሉ። ዕድሩ ሰው ይላክ፣ ሐዘንተኛዋ ሊያ ብቻዋን ናት ነው የሚሉት።

ጥቁር ክራባት አሰርኩ። ሆቴል የለም፣ ዋሽቻችኋለሁ እላለሁ። ልጄ ሰው ላላለቀሰላቸው ለቅሶ ተቀምጣለች፣ የምትችሉ ለቅሶ እንድትደርሷት…

አማቴ ክላክስ እያደረጉ ነው። መጣሁ እማማ!