ከሚዛን በላይ የምትጨምራት እፍኝ

ማሩዬ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸኝ አሥር ወር ሆነ። ሰው ሁሉ እየለመድሽው ትሄጃለሽ ይለኛል፤ እኔስ እንጃ። አራት ፎቅ በእግርህ ስትወጣ ኖረህ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ሊፍቱ ተሠራልን። ያን ቀን ስንቱን እንደረገምኩ አትጠይቀኝ! ትንሿ ልጃችን ሠራዊት ገብታለች፤ ሐሙስ ማታ የቆሸሸ ልብሷን ተሸክማ ትመጣና እናቷን ታሳጥባለች።

ቂርያት ማላኪ ዳር የተከራየኻትን መሬት አልተውኳትም። ጎንበስ ብዬ አርሜ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ቃሪያውም ቲማቲሙም ደረሰልኝ። ግን ለራሴ ምዬ ነበር፤ ከእንግዲህ ምርቃት የለም! ታስታውስ የለ፣ አርብ ጠዋት ገዴራ ገበያ ስንሸጥ፣ መዝነህ ስታበቃ አንድ እፍኝ ከላይ ትጨምርና ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ በጠረጴዛው ሥር እግርህን እረግጥሃለሁ። ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ወገብህ እስኪጎብጥ ሠርተህ፣ በስተርጅና ያበቀልካትን ለአላፊ አግዳሚው ስትበትን አንጀቴ ያርር ነበር። ቤታችንን በእፍኝ ጨረስከው ያላልኩህ አርብ የለም።

ባለፈው አርብ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ገበያውን የምታስተባብረው ልጅ አቅፋ ሳመችኝና ጠረጴዛዬ አጠገብ ባዶ ሳጥን አስቀምጣ ሄደች። የቆሻሻ መስሎኝ ወደ ሽያጬ ዞርኩ። አንዲት የሞሮኮ ሴትዮ ቃሪያ ገዛች፤ ሚዛኑ ልክ ሲል ቋጥሬ ሰጠኋት። አልሄደችም። ፌስታሏን ከፍታ ታየኛለች። የምትጠብቀውን አውቄዋለሁ፤ አውቄም በዕብራይስጡ ቤሰደር፣ በቃ ደህና ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሷም ከገዛችው ላይ አንድ እፍኝ ዘግና ሳጥኑ ውስጥ ጨመረችና ሄደች። ቀጥሎ አንድ የራሽያ ሽማግሌ እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ሌላዋ። ደሜ ፈላ! የበሰበሰ ሸጠችልን ብለው የሚጥሉብኝ መሰለኝ። አስተባባሪዋን ጠርቼ፣ ቃሪያዬ ምን ሆነና ነው የምታስጥሉብኝ ብዬ ጮኽኩባት።

ልጅቱ ዓይኗ በእንባ ሞላ። እኔ አርብ ማታ ለሚገባው ሰንበት ምግብ ላደርስ በጊዜ ወደ ቤት ስመለስ፣ አንተ ያን ሳጥን ታወጣ እንደነበር ነገረችኝ። ምርቃቷ የማታስፈልገው ሰው እዚያ ይጨምራታል፤ ገበያው ሲዘጋ በጎ ፈቃደኞች ያቭነ ከተማ ወስደው ለአቅመ ደካሞች ያድላሉ። ከሞትክ ወዲህም ሳጥኑን ዕቃ ቤት አስቀምጣ እስክመለስ ስትጠብቅ ኖራለች።

ማሩዬ፣ እኔ አንዲት ፍሬ አልመረቅኩም፤ እነሱ ግን ከራሳቸው እየቀነሱ ያንተን እፍኝ ባንተ ቦታ ይጨምራሉ። አማርኛ የማያውቁ ሰዎች አፋቸው እየተያዘ ምርቃት፣ ምርቃት ሲሉ ሰማሁ። ወይ ጉድ! ሞሮኮዋ ማሮ ነው የምትልህ። አንድ አልጋ ላይ አርባ ዓመት ተኝቼ ያላየሁትን ሰው፣ እነሱ በሳምንት አንዴ እየመጡ አይተውታል። ሳጥኑ እኩለ ቀን ሳይሆን እስከ አፉ ሞላ። ፈጣሪዬ፣ አንተ እንዲህም ትሠራለህ አልኩት።

ለምን ደበቅኸኝ ብዬ ልቆጣህ ቃጣኝ። ኋላ ሳስበው ግን ያስደበቅኩህ እኔው ነኝ። ይቅር በለኝ፣ ዓለሜ።

ከእንግዲህ የሰንበቱን ምግብ ሐሙስ እሠራዋለሁ፤ አርብ ገበያው እስኪዘጋ እቆማለሁ። እጄን ታውቃታለህ፣ ትንሽ ናት፤ ያንተን አንድ እፍኝ ለመሙላት ሁለቴ መዝገን አለብኝ። በቁሜ እስካለሁ ድረስ ሁለቴ እየዘገንኩ አስብሃለሁ።

ሚስትህ ዝና